ቀይና ሐምራዊ የባሕር ባክቴሪያዎች፦ ቀለማቸው መድኃኒት ይሆን?

ጎጃም ውስጥ ልጅ ያሳደገ ሰው ጂቪን ያውቀዋል። ሕፃኑ አፉ ውስጥ ነጭ ነገር ሲወጣበት ጤና ጣቢያ ይወሰዳል፤ ምላሱ ሐምራዊ ሆኖ ይመለሳል። ትራሱም፣ የእናቱ ነጠላም፣ የሳመችው አያቱም ከቀለሙ አያመልጡም። ጂቪ ሙሉ ስሙ ጄንሺያን ቫዮሌት ነው። ከልብስ ማቅለሚያዎች ወገን የሆነ ሰው ሠራሽ ቀለም ነው። ያም ሆኖ ፈንገስን ይገድላል፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎችንም ይገድላል።

ስለዚህ "ቀለም መድኃኒት ሊሆን ይችላል" ሲባል ለእኛ አዲስ ወሬ አይደለም። ዛሬ የማወራችሁ ቀለም ግን ፋብሪካ የሠራው አይደለም። ባክቴሪያዎች ራሳቸው፣ በተለይ ባሕር ውስጥ የሚኖሩት፣ የሚሠሩት ነው። በየጊዜው "ከባሕር ባክቴሪያ የተገኘ ቀለም መድኃኒት የማይበግራቸውን ጀርሞች ገደለ" የሚል ዜና ይዞራል። ዜናው ብዙ ጊዜ ውሸት አይደለም። ችግሩ የት እንደገደለ፣ በምን ያህል መጠን እንደገደለ፣ አብሮ ሌላ ምን እንደገደለ አለመነገሩ ነው። እኔም መጻፍ የፈለግሁት ስለዚሁ ስለጎደለው ነገር ነው። አንድ ነገር ቀድሜ ልበል፦ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባሕር ዳር ላይ እንዲህ ያለ ጨዋታ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ይታወቃል። "እኛ ባሕር የት አለንና?" ልክ ነው። ከ1993 ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ታናም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሰፋም፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ ጨው አልባ ሐይቅ ነው። የውቅያኖስ ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። ሁለቱ የተለያዩ ዓለማት ናቸው። ግን ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ከነዚህ ቀለሞች ዋና ዋናዎቹን የሚሠሩ የባክቴሪያ ዘመዶች አፈር ውስጥም ጨው አልባ ውኃ ውስጥም አሉ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ፣ ለዓይን የማይታይ ፍጥረት ቀለም ምን ያደርግለታል?

አንድ የሻይ ማንኪያ የባሕር ውኃ ውስጥ ሚሊዮኖች ባክቴሪያዎች አሉ። ምግቡ ግን ትንሽ ነው። ድንጋይ፣ የባሕር ሣር፣ የዓሣ ቆዳ፣ የመርከብ ሆድ፣ የሚጣበቁበት ነገር ሁሉ የሚሻሙበት ቦታ ነው። ላይኛው ውኃ ላይ ደግሞ ፀሐይ አለ። ቀለሞቹ የሚሠሩት በዚህ ኑሮ ውስጥ ነው። ቢጫና ብርቱካናማዎቹ ብዙ ጊዜ ካሮቲኖይድ የሚባሉ ናቸው። ካሮትንም በርበሬንም የሚያቀሉት የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ዋና ሥራቸው ከፀሐይና ከኦክስጅን ጉዳት መከላከል ነው፤ ጀርም በመግደል በኩል ብዙም አይነገርላቸው። ጥቁርና ቡናማው ሜላኒንም እንዲሁ። ለመድኃኒት ፈላጊው ዓይን የሚስቡት ሌሎች ናቸው፦ ቀዩ ፕሮዲጂዮሲንና ሐምራዊው ቫዮላሴን። እነዚህ ጠላት ያጠቃሉ።

የፕሮዲጂዮሲን ታሪክ የሚጀምረው ከባሕር ሳይሆን ከገንፎ ነው። በ1819 ጣሊያን ውስጥ፣ ፓዶቫ አጠገብ ባለ አንድ መንደር፣ የበቆሎ ገንፎ አድሮ ደም የመሰለ ቀይ ነጠብጣብ አወጣ። ሰዉ ደነገጠ። የሰይጣን ሥራ ነው ተባለ። ባርቶሎሜዎ ቢዚዮ የሚባል የመድኃኒት ባለሙያ ግን ቀዩን ነገር ወስዶ እርጥበት ባለው ቤት ሌላ ገንፎ ላይ አራባው። ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን አሳየ። ሴራሺያ ብሎም ሰየመው። እርግጥ ፈንገስ መስሎት ነበር። ጀርም በሽታ ያመጣል የሚለው ትምህርት ገና ሳይጸና በፊት መሆኑን ስታስቡት ሰውዬው ቀላል አልነበረም። ዛሬ ያንኑ ቀይ ቀለም የሚሠሩ የባሕር ባክቴሪያዎች ይታወቃሉ። አንዱ ሀሄላ የሚባለው ነው፤ የተገኘው ደቡብ ኮሪያ፣ ጄጁ አካባቢ ካለ የባሕር ዳርቻ ደለል ነው።

ቫዮላሴን ደግሞ የሚሠራው ትሪፕቶፋን ከሚባለው የፕሮቲን አካል ነው። ትሪፕቶፋን በወተትም በእንቁላልም ውስጥ አለ። አምስት ዘረመሎች ተራ በተራ ይሠሩና ቀለም አልባውን ነገር ወደ ጥልቅ ሐምራዊ ይለውጡታል። የሚገርመው ሥራው የሚጀመርበት ጊዜ ነው። ክሮሞባክቴሪየም የሚባለው ባክቴሪያ ብቻውን ሲሆን ቀለሙን አይሠራም። እያንዳንዱ ትንሽ ኬሚካል ወደ ውጭ ይለቃል። ቁጥራቸው ሲበዛ ኬሚካሉም ይበዛል። መጠኑ አንድ ደረጃ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማቅለም ይጀምራሉ። የእኛ ወንፈል እንደሚሠራው ማለት ነው፤ ሰው እስኪሞላ ማንም ማጭዱን አያነሳም። ተመራማሪዎች ይህን ጠባይ ለሌላ ሥራ ተጠቅመውበታል። በ1997 የታወቀ አንድ የተለወጠ ዘር አለ፤ ራሱ መልእክቱን አይልክም፣ ከሌላ ሲመጣለት ግን ሐምራዊ ይሆናል። ሌሎች ባክቴሪያዎች "እየተነጋገሩ" መሆናቸውን በዓይን ያሳያል። በእኔ ግምት ቫዮላሴን እስካሁን ለሕክምና ምርምር የሰጠው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ ገዳይነቱ አይደለም።

ወደ ባሕሩ ልመለስ። ስዊድን ምዕራብ ጠረፍ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ከሚኖር ከረጢት መሳይ እንስሳ ገላ ላይ አንድ ባክቴሪያ ተገኘ። ስሙ ሱዶአልተሮሞናስ ቱኒካታ ይባላል። ረጅም ነው፣ ይቅርታ። ሲታይ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ሲመረመር ግን አረንጓዴ ቀለም የለውም። ሐምራዊው ቫዮላሴን ከአንድ ቢጫ ቀለም ጋር ተደባልቆ ነው። ይህ ባክቴሪያ በተቀመጠበት ቦታ የአልጌ ዘር አይበቅልም፣ የሌሎች እንስሳት ዕጭ አይጣበቅም፣ ፈንገስና ሌላ ባክቴሪያም ይቸገራል። ቀለሙን ያጡ ዘሮቹ ሲፈተኑ ይህን ጉልበታቸውንም አጥተው ተገኙ። ከረጢት መሳዩ እንስሳ ንጹሕ ገላ ያገኛል፣ ባክቴሪያው ቤት ያገኛል። ማንም ለማንም በነፃ አላደረገም።

የባሕር ባክቴሪያ ጀርም የሚገድል ነገር እንደሚሠራ በኬሚካሉ ሳይቀር ተለይቶ የታወቀው ቆየት ብሏል። በ1966 ነው። ፖርቶ ሪኮ ጠረፍ ላይ ከሚበቅል የባሕር ሣር የተወሰደ ባክቴሪያ አንድ ለየት ያለ ንጥረ ነገር ሲሠራ ተገኘ። በአንዱ ሞለኪውል ውስጥ አምስት የብሮሚን አተሞች አሉ። ብሮሚን የባሕር ውኃ ውስጥ በብዛት ያለ ነገር ነው፤ ምድር ላይ ያለ ባክቴሪያ እንዲህ እንደልቡ አያገኘውም። ባሕርን መፈለግ ዋጋ አለው የሚባልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ምድር ላይ ያልተሠራ ሞለኪውል እዚያ ሊሠራ ይችላል። ጀርሞቻችንም አይተውት ስለማያውቁ ገና አልተላመዱትም።

መላመዱ ደግሞ ቀልድ አይደለም። በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቀጥታ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞቱ ተገምቷል። መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ቆሞ "እህቴ፣ ሁለት ፍሬ አሞክሲሲሊን ስጪኝ፣ ጉሮሮዬን ነው" የሚል ሰው ሁላችንም እናውቃለን። እኛው ነና።

እንግዲህ ቀለሞቹ እንዴት ይገድላሉ? እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው።

ባክቴሪያ በቀጭን የቅባት ሽፋን የተከበበ ሕዋስ ነው። ከዚያ ሽፋን ውጭ ግድግዳ አለው። በውስጥና በውጭ መካከል የኤሌክትሪክና የአሲድ ልዩነት ጠብቆ ይኖራል፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚያ ልዩነት ነው። ቫዮላሴንም ፕሮዲጂዮሲንም ውኃ የማይወዱ፣ ቅባት የሚወዱ ሞለኪውሎች ናቸው። ስለዚህ ቀጥታ ሽፋኑ ውስጥ ይገባሉ። ቫዮላሴን ሽፋኑን ያናጋዋል፤ የውስጡ ነገር መፍሰስ ይጀምራል። ፕሮዲጂዮሲን ደግሞ አሲድንና ክሎራይድን በሽፋኑ በኩል አሻግሮ ያንን ልዩነት ያፈርሰዋል።

ግን ሁሉም ባክቴሪያ አንድ አይደለም። በ1884 ሃንስ ክርስቲያን ግራም የሚባል የዴንማርክ ሐኪም ባክቴሪያዎችን በሐምራዊ ቀለም እየነከረ በአልኮል ሲያጥባቸው ገሚሶቹ ቀለሙን ያዙ፣ ገሚሶቹ ለቀቁት። ዛሬ ለዚሁ ምርመራ የምንጠቀመው ሐምራዊ ቀለም የጂቪያችን ዋና ንጥረ ነገር ነው። የያዙት ግራም ፖዘቲቭ፣ የለቀቁት ግራም ኔጌቲቭ ተባሉ። ዛሬም ማንኛውም ደህና ላብራቶሪ ይህንኑ ያደርጋል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ግራም ኔጌቲቮቹ ከግድግዳቸው ውጭ ሌላ ሁለተኛ ሽፋን አላቸው። ያ ሽፋን ቅባት ወዳድ ሞለኪውሎችን በቀላሉ አያሳልፍም። ቢያልፉም ወደ ውጭ የሚተፉ ፓምፖች አሉት።

ቫዮላሴንና ፕሮዲጂዮሲን ጎበዝ የሚሆኑት በአብዛኛው በግራም ፖዘቲቮቹ ላይ ነው። ብጉንጅና የቁስል መግል የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ ከነዚህ አንዱ ነው፤ የተላመደው ዘሩም ጭምር። ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሞችን እንቅልፍ ከሚነሱት መካከል ግን ክሌብሲየላ፣ አሲኔቶባክተርና ኢ. ኮላይ አሉ፤ እነሱ ግራም ኔጌቲቭ ናቸው። ቀለሞቹ እነዚህ ላይ ሲደርሱ ይደክማሉ። ደግሞም ልብ በሉ፦ ቀለሙን የሚሠሩት ከላይ የጠራኋቸው ባክቴሪያዎች ራሳቸው ግራም ኔጌቲቭ ናቸው። መሣሪያው የባለቤቱን ወገን ቢምር የሚገርም አይመስለኝም።

አሁን ዜናው ውስጥ "ገደለ" የተባለበትን ቦታ እንይ። ቦታው ክብ ሳህን ነው። ከባሕር አልጌ በተሠራ የረጋ ነገር ላይ ባክቴሪያ ይዘራል። ቀለሙ የተነከረበት ክብ ወረቀት መሃሉ ላይ ይቀመጣል። አድሮ ሲታይ በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ቀለበት አለ። ፎቶው ያምራል። ሁሉም የሚያጋራው እሱን ነው።

ችግሩ ቀለበቱ ብዙ ነገር ሊያታልል መቻሉ ነው። እነዚህ ቀለሞች ውኃ ውስጥ አይሟሙም አልን። ስለዚህ የሚወጡት በሜታኖል ወይም በአሴቶን ነው። ሜታኖሉ በደንብ ካልተነነ ገዳዩ እሱ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ደህና ተመራማሪ ሜታኖል ብቻ የነካ ሌላ ወረቀት ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው። ሁለተኛ፣ ውኃ የማይወድ ነገር ርጥቡ ጄሊ ውስጥ ሩቅ አይሄድም። ስለዚህ ቀለበቱ ትንሽ ሆነ ማለት ቀለሙ ደካማ ነው ማለት አይደለም፤ ትልቅ ሆነ ማለትም ጠንካራ ነው ማለት አይደለም። ቀለበት በሚሊ ሜትር ለክቶ "ከአሞክሲሲሊን በለጠ" የሚል ጽሑፍ ካያችሁ በጥርጣሬ አንብቡ።

የተሻለው ልኬት ሌላ ነው። ቀለሙ ፈሳሽ ውስጥ በተለያየ መጠን ይጨመራል፤ ባክቴሪያው ማደግ ያቆመበት ዝቅተኛው መጠን ይያዛል። የሚነገረው በአንድ ሚሊ ሊትር ስንት ማይክሮግራም እየተባለ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መድኃኒቱ ይበልጣል። ፔኒሲሊን ያልተላመደውን ስታፊሎኮከስ ከ1 ማይክሮግራም እጅግ ባነሰ መጠን ያቆመዋል። አንድ የቀለም ጭማቂ በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮግራም ካስፈለገው፣ "ይገድላል" ማለት ይቻላል፣ መድኃኒት ይሆናል ማለት ግን ይከብዳል። ያንን ያህል ቀለም ደማችን ውስጥ ማን ይከታል? እዚህም ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ባክቴሪያ ሲያድግ ፈሳሹ ይደፈርሳል፤ መሣሪያው ድፍርስነቱን የሚለካው በብርሃን ነው። ፈሳሹ ራሱ ቀይ ከሆነ መሣሪያው ግራ ይገባዋል። የሚመረመረው ነገር ቀለም መሆኑ ብቻ ምርመራውን ያስቸግራል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከሳህን ወደ ሰውነት መሻገሩ ነው። የባክቴሪያን የቅባት ሽፋን የሚወድ ሞለኪውል የእኛን ሕዋስ ሽፋንስ ለምን ይጠላል? አይጠላም። ፕሮዲጂዮሲንም ቫዮላሴንም በላብራቶሪ የሰውና የእንስሳት ሕዋሳትን ይገድላሉ። እንዲያውም ብዙ ምርምር የሚደረግባቸው በካንሰር ሕዋስ ላይ ነው። ከፕሮዲጂዮሲን ቅርጽ ተነስቶ የተሠራ ኦባቶክላክስ የሚባል ሰው ሠራሽ ዘመድ በካንሰር ሕሙማን ላይ እስከመሞከር ደርሶ ነበር። ለገበያ አልበቃም። ፔኒሲሊን ታላቅ የሆነው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የሚያጠቃው የባክቴሪያን ግድግዳ ነው፤ እኛ ያ ግድግዳ የለንም። ቀለሞቹ ይህን ልዩነት አያውቁም።

ሳህኑ በተቃራኒውም ሊያሳስት እንደሚችል የሚያሳይ አንድ የቆየ ታሪክ አለ። እኔ በጣም የምወደው ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ ገርሃርድ ዶማክ የሚባል ሐኪም ከማቅለሚያ ፋብሪካዎች የወጡ ቀለሞችን በታመሙ አይጦች ላይ ይሞክር ነበር። ፕሮንቶሲል የሚባል ቀይ ቀለም አይጦቹን አዳነ። በ1935 ውጤቱን አሳተመ። ለራሱ ልጅም በጠና ስትታመም ሰጣት፤ ዳነች። የሚገርመው ይኸው ቀለም በሳህን ላይ ባክቴሪያ አይገድልም ነበር። ቆይ፣ እንዴት? በዚያው ዓመት ፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ያሉ ተመራማሪዎች ምስጢሩን ፈቱት። ሰውነት ቀለሙን ለሁለት ይሰብረዋል። የሚያድነው አንደኛው ስባሪ፣ ሰልፋኒላሚድ የሚባለው፣ ቀለም አልባ ነው። ቀይነቱ ምንም ሥራ አልነበረውም። ዛሬ ጤና ጣቢያ የምናገኘው ባክትሪም ውስጥ ያለው ሰልፋ የዚያ ዘመድ ነው። ነጭ ፍሬ ነው፣ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ የአንድ ባክቴሪያ ቀለም ማማር ስለ ኃይሉ የሚናገረው ትንሽ ነው። ቀለም ማለት ሞለኪውሉ የተወሰነ ብርሃን ይውጣል ማለት ነው። ብርሃን የሚውጠው ቅርጽ ሽፋን ለማናጋትም የሚመች ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ተመራማሪ ባለቀለሙን የሚያነሳበት አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ ሳህን ላይ ከመቶ ነጫጭ ነጠብጣቦች መካከል ቀዩ ዓይን ይገባል። ነጮቹ ውስጥ የተሻለ ነገር ሊኖር ይችላል።

ደግሞም ቀለም ሁሉ ለእኛ አይወግንም። ስታፊሎኮከስ ራሱ ወርቃማ ቀለም አለው። ቀለሙ ካሮቲኖይድ ነው፤ ነጭ የደም ሕዋሶቻችን የሚረጩበትን ኦክስጅን ነክ መርዝ ይመክትለታል። በ2005 በወጣ ምርምር ቀለሙን ያጣው ዘር ለነጭ የደም ሕዋስ በቀላሉ ሲሸነፍ ታይቷል። ሌላው ፒዮሲያኒን ነው። የቁስል ፋሻን ሰማያዊ አረንጓዴ የሚያደርገው እሱ ነው። ፈረንሳዊው ካርል ጌሳርድ በ1882 ያንን ፋሻ መርምሮ ሱዶሞናስ የሚባለውን ባክቴሪያ ለየው። ፒዮሲያኒን ሌሎች ባክቴሪያዎችን ይገድላል፣ እውነት ነው። የበሽተኛውን ሳንባም ይጎዳል።

"ግን እኮ ተፈጥሯዊ ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። እርድን አስቡት። አልጫችንን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን በሳህን ላይ ያልገደለው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ስለእሱ የተጻፈው ጽሑፍ በሺዎች ይቆጠራል። በ2017 የመድኃኒት ኬሚስቶች ጠቅለል አድርገው ሲመረምሩት ግን በሰው ላይ በጥንቃቄ በተደረገ ሙከራ የተሳካ ሕክምና ሆኖ አላገኙትም። ሆድ ውስጥ በደንብ አይሰርግም፣ ቶሎ ይፈርሳል። ወጡ ይጣፍጣል፤ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ ቀለሞቹ ዋጋ የላቸውም ማለቴ ነው? አይደለም። የሚዋጥ ክኒን ይሆናሉ ብዬ አልጠብቅም እንጂ፣ ከሰውነት ውጭ ያለው ሥራ ሰፊ ነው። የስዊድኑን ባክቴሪያ አስታውሱ። መርከብ ሆድ ላይ የሚጣበቁ ፍጥረታት ጉዞን ያከብዳሉ፣ ነዳጅ ያስበላሉ። ለዚህ የሚቀቡ መርዛማ የብረት ቀለሞች ውኃውን ይበክላሉ። የባክቴሪያ ቀለሞች ምትክ ይሆኑ እንደሆነ ይጠናል። ሌላም አለ። እንቁራሪቶችን በዓለም ዙሪያ የሚጨርስ የቆዳ ፈንገስ አለ። ቫዮላሴን የሚሠራ ባክቴሪያ በአንዳንድ እንቁራሪቶችና ሳላማንደሮች ቆዳ ላይ ይኖራል፤ በሙከራ ሲጨመርላቸው ፈንገሱን እንዲቋቋሙ የረዳበት ጊዜ አለ። የሕክምና ቱቦዎችን የሚሸፍን ነገር፣ በብርሃን የሚነቃ የቁስል ማጽጃ፣ እንዲህ ያሉትም ይሞከራሉ።

አሁን ወደ ታና። "እዚያስ እንፈልግ?" ለሚሉ ተማሪዎች መልሴ አዎ ነው፤ በላብራቶሪ፣ በአስተማሪ ፊት ከሆነ። ቫዮላሴን የሚሠራው ክሮሞባክቴሪየም በሞቃት አገሮች አፈርና ወንዝ ውስጥ የሚኖር ነው። ብራዚል ውስጥ ከሪዮ ኔግሮ ወንዝ ተገኝቶ ብዙ ተጠንቷል፤ ሙሉ ዘረመሉም በ2003 ተነቧል። ግን ይኸው ባክቴሪያ አልፎ አልፎ በቁስል በኩል ሰው ውስጥ ይገባል። ሲገባ ደም ውስጥ ይሰራጫል፣ ብዙ ጊዜም ይገድላል። ሴራሺያም ቢሆን ሆስፒታል ውስጥ ኢንፌክሽን የሚያመጣ የታወቀ ጀርም ነው። መታጠቢያ ቤት ጥግ ላይ የምታዩት ሮዝ ዝቃጭ አንዳንዴ እሱ ነው። ሻምፑ ጠርሙስ ውስጥ እያራባችሁ ፀጉር አትቀቡበት። ሳቃችሁ? ዩቲዩብ ላይ ከዚህ የባሰ አይቻለሁ።

ለጎጃም ቅርብ ሆኖ የሚታየኝ ሌላ በር ነው፤ ጨርቅ። ባሕር ዳር ከ1961 ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋም የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት አለው። ከባሕር ደለል በተገኘ ባክቴሪያ ፕሮዲጂዮሲን ሱፍ፣ ሐርና ናይለን ተቀልመው፣ ቀለሙ ጨርቁ ላይ ሆኖ ስታፊሎኮከስን ሲያዳክም ታይቷል። ሆስፒታል ውስጥ ለሚለበስ ጋውን ወይም ለአንሶላ ሲታሰብ ያጓጓል። አንድ ቀለም ሁለት ሥራ ሠራ ማለት ነው።

ግን ሸማኔዎቻችን የሚያውቁት ጥጥ ነው። ፋብሪካውም የቆመው በጥጥ ነው። ፕሮዲጂዮሲን ደግሞ ሱፍንና ሐርን እንደሚወደው ጥጥን አይወድም። የተያዘውም ቢሆን ፀሐይ ላይ ይደበዝዛል። ስለዚህ እዚህ አገር ይህን የሚሞክር ሰው መጀመሪያ የሚለካው ጀርም መግደሉን ሳይሆን፣ ቀለሙን ጥጥ ላይ የሚያስይዝ ነገር መኖሩን፣ ስንት እጥበት እንደሚችልና ገመድ ላይ ስንት ቀን ቀይ ሆኖ እንደሚቆይ ነው። ከጨርቁ የለቀቀው ቀለም የት እንደሚሄድም አብሮ መለካት አለበት። የባሕር ዳር የእጥበት ውኃ መሄጃው ታናና ዓባይ ነው፤ ባክቴሪያን የሚያዳክም ነገር በትንሽ በትንሹ ወደ ውኃ ሲፈስ ደግሞ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች እሱንም መላመድ ይጀምራሉ።